ሆዳሙ የአጎቴ ልጅ

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለአጎቴ ልጅ ለአዝማሪ ሙላቴ፤ ደብረ ታቦር።

የጠላትን ዓይን ከአንተ ላይ ያንሳልኝ፤ የማሲንቆህን ጭራ አይበጥስብህ። ሚስትህ የሺ እንዴት ናት? ላሚቱ ወለደች ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከገዳሪፍ ሙቀትና ከጸሐፊዬ ከደብተራ መርሻ በቀር የከፋብኝ ነገር የለም። ሙቀቱስ ሲመሽ ይበርዳል። መርሻ ግን እኔ ያልሁትን ትቶ እሱ የሚያምረውን ካልጻፍሁ ይላል። ይችንም ቃል ፊቱን አጨማዶ ነው የሚጽፋት።

ከስደተኞቹ ሠፈር አጠገብ ትንሽ ጠጅ ቤት ከፍቻለሁ። ቅዳሜና እሁድ አገሬው ይሰበሰብና እዘፍናለሁ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ነው፣ ጉልበቴ ነው እንጂ የከዳኝ። ባለፈው ወር ቆም ብዬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔን አትሸልሙኝ። ለእኔ ግንባር የምትለጥፉትን ለአገር ቤት ቁስለኛ ስጡልኝ» አልኋቸው። መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ሸሚዙን አወለቀ። ሌላው ሳሙና አመጣ። ሆስፒታል የሚሠራው ደግሞ ቁስል ላይ ሲያደርጉት እንደ እሳት የሚያቃጥል ቀይ መድኃኒት በጠርሙስ ይዞ መጣ። ይኸው ሁሉንም ነጋዴው ሞላ ጭኖልሃል። ለሚገባው አድርስልኝ።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልግባ። እሸቴ እንዴት ነው? እኔ ስሰደድ «እማዬ፣ አንቺ ሂጂ፤ እኔ ዱር እገባለሁ» ብሎኝ እንደ ቀረ ነው። ሌላ ልጅ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ከሚያዝያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብኛል። እዚህ ዑስማን የሚባል ጫማ ሰፊ አለ፤ መርኩብ የሚሉትን የቆዳ ጫማ ሲሠራ እጁ ይባረክ ያሰኛል። ለእሸቴ አንድ ጥንድ ላሠራለት አስቤያለሁና የእግሩን ልክ በክር ለክተህ ላክልኝ። ሁለቱንም ለካ። ልጅ ሳለ በሬ ረግጦት ግራው ከቀኙ ሰፋ ይላል።

ሞላ ደብዳቤውን ከአህያው ኮርቻ ሥር ሰፍቶ ነው የሚያመላልሰው። ስለዚህ ሳትፈራ ጻፍ፤ ምንም አትሸሽገኝ።

እህትህ ትርንጎ


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ትርንጎ፤ ገዳሪፍ።

አንቱን ያሰደደ አምላክ በክብር ይመልስዎ እያልሁ፣ ከጫማዎ ሥር ወድቄ እጅ እነሳለሁ። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወንድ ጥጃ ወልዳለች። የሺ «እትዬን ሳም አድርግልኝ» ብላለች፤ በደብዳቤ እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም።

የላኩት ሁሉ ደርሷል። ቁስለኞቹ ያሉት ከጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ ነው። የሚያክሟቸው አባ ገብረየሱስ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው፤ ሳይመነኩሱ በፊት ወጌሻ ነበሩ። ያ ቀይ መድኃኒት ሲነካቸው፣ ጥይት ያላስጮኸው ጎበዝ ሁሉ እንደ ፍየል ጮኸ። አባም ደስ አላቸው። «የሚጮህ ቁስለኛ አይሞትም» አሉኝ።

አንቱ እዚያ በዘፈን እንደሚለምኑ እኔም እዚህ በዘፈን እለምናለሁ። የሙያችንን ነገር ላንቱ አልነግርዎትም፤ ሰውን በአደባባይ በስሙ ጠርተው ካሞገሱት፣ ሳይሸልም የተቀመጠ እንደሆነ ወሬው እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። እብናት ገበያ ወርጄ ቅቤ ነጋዴዋን አበበችን ከነአያቷ አወደስኋት፤ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ሰጠችኝ። ከእሷ ጎን ያለው ማር ሻጭ ወደ ሌላ ሲያይ ስሙን ጠራሁበት። ማሩንም አመጣ። ቅቤውም ማሩም ጫካ ገባ።

ለማን እንደምለምን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። የቀረው ሰው ሁሉን እኔ የምበላው ይመስለዋል፤ አዝማሪ ያገኘውን ለሌላ ያካፍላል ብሎ የሚጠረጥርማ ማን አለ? ጎረቤቶቼ «ሙላቴ ሆዴ» ይሉኝ ጀምረዋል። ይባላ፤ ለጠላት ጆሮ ይኸው ይሻላል። የሺ ግን፣ «ይህን ሁሉ በልተህ እንዲህ ከከሳህ፣ ባትበላ ኖሮ ምን ልትሆን ነበር?» ትለኛለች።

እሸቴ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጫወታል፣ እኔ ላይ ይቀልዳል። ከበፊቱ ረጋ ብሏል፤ እንደ ድሮው ሩጫ አያበዛም። የእግሩን ልክ ነገር፣ ክሩን ይዤ ሄጄ ነበር። ከወሬ ወሬ ስንል ሳልለካው መጣሁ። ሌላ ጊዜ እለካዋለሁ።

አባ ገብረየሱስ የሚያስጨንቃቸው ጨርቅ ነው። የቆሸሸውን ቀቅለው መልሰው ነው የሚያስሩት። ስለዚህ አቡጀዲ ቢያገኙ ይላኩልን። ከሳሙናውም ይጨምሩበት።

ታናሽዎ ሙላቴ


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 8 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለሙላቴ።

ሰላምታዬን ለየሺ አድርስልኝ። ለአንተ የለኝም።

ከደብረ ታቦር የመጡ ነጋዴዎች ቤቴ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ሰማሁ። ለጣሊያን ያደረው ግራዝማች ወርቁ ልጁን ድሮ፣ አዝማሪው ማን ኖሯል? ሙላቴ! ከቀትር እስከ ጀምበር ግባት የባንዳ ዘር ስትቆጥር ውለህ፣ ሲመሽ የተሸለምኸው ሸማ በአህያ ተጭኖልህ ሄድህ አሉ። እኔ ስደተኛውን ሸሚዙን ሳስወልቅ፣ አንተ ሀገር የሸጠውን ታሞግሳለህ? የአባቶቻችን ማሲንቆ ይህን ያየ ጊዜ እንዴት ጭራው አልተበጠሰም?

እኔም ስናደድ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ። እዚያው ነጋዴዎቹ ፊት ተነሥቼ እንዲህ ብዬ ዘፈንሁብህ፦

ያጎቴ ልጅ ሙላት ሆዱን ታቦት አርጎ፣
ሸማ ይለቃቅማል ከባንዳ ቤት ሰርጎ።

ዘመዶቹ ጫካ ቁስላቸውን ይዘው፣
እሱ ጮማ ቆራጭ ሱሪው እስኪጠበው።

መርሻ «ታቦት» የሚለውን አልጽፍም ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር። ጠጅ እንደማልቀዳለት ስነግረው አማትቦ ጻፈው። ነጋዴዎቹ ቃሉንም ዜማውንም ይዘውት ሄደዋል። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ዘፈኑ ይደርስሃል፤ ዘፈን እንደሆነ ኬላ አይዘውም።

አቡጀዲውንና ሳሙናውን ልኬያለሁ። የቁስለኛ ነው፤ ለአንተ መቀመጫ እንዳይሆን።

ደግሞ የልጄን የእግር ልክ እስከ ዛሬ አልላክህልኝም። አንድ ክር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መዘርጋት ይህን ያህል ያቅታል? ምን ሆኗል ልጄ? ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይችን ብቻ መልስልኝ።

ትርንጎ


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 15 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ትርንጎ፤ ገዳሪፍ።

ጤናዎን ያብዛልኝ። ስድብዎ በደህና ደርሶኛል።

እንዳሉትም ከደብዳቤው ቀድሞ ነው የደረሰው። ቅዳሜ ገበያ ብወጣ ልጆች «ሱሪው እስኪጠበው» እያሉ ይከተሉኛል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የሚወልቀውን ሱሪዬን በገመድ ታጥቄ፣ በአንድ እጄም ደግፌ ይዤው ነበር። የሺ ሳቋን ማቆም አቅቷት ከመንገድ ዳር ተቀመጠች። ዜማው የአንቱ መሆኑን እንደ ሰማሁት አወቅሁ፤ መሐሉ ላይ ድምፅዎን የሚሰብሯት አሰባበር ሌላ ሰው ዘንድ የለችም። ተናድጄ ነበር ብል ውሸት ነው። አፈርሁ፣ ግን ደግሞ ኮራሁ። ስድብም ቢሆን ሲያምር ያምራል።

የሰርጉ ነገር እውነት ነው። ግራዝማች ወርቁ ሲጠራኝ መጀመሪያ አሞኛል ብዬ ነበር። በማግሥቱ አባ ገብረየሱስ ላኩብኝ፤ «ጨርቅ አለቀ፤ የራሴን ቀሚስ ቀድጄ ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ የምቀደው ቆቤን ነው» አሉኝ። ያንቱ አቡጀዲ ገና አልደረሰም ነበር። ባንዳ ደግሞ ለሰርግ የሚለብሰው አዲስ ሸማ ነው። አሰብሁት፤ ዳንሁ ብዬ ሄድሁ።

ዳሱ ሞልቶ፣ ጠጁ ሞቅ ሲያደርጋቸው ጠብቄ ከሙሽራው አጎት ፊት ቆምሁና፦

ሸማስ መልበሱማ ማንም ሰው ይለብሳል፣
ጌታ የሆነ ሰው ላዝማሪ ይጥላል።

አጎትዮው ተነሣና ቀይ ጥለት ያለው ኩታውን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ከዚያ ወዲያ ማን ሸማውን ለብሶ ይቀመጥ? ጌታ አይደለም መባል መጣ! አንዱ ሲጥል ሌላው «እሱ ከእኔ በምን ይበልጣል» እያለ፣ ባንዳ በባንዳ ላይ ሲሽቀዳደም፣ ጀምበር ስትገባ ግማሹ ዳስ በእጀ ጠባብ ቀረ። ቆላ ቢሆን ደግ፤ የእኛን የጥር ብርድ ያውቁታል። አባ ገብረየሱስ ሸክሙን ሲያዩ፣ «የባንዳ ሸማ ነው ያመጣሁት» ብላቸው፣ «ጥጥ ምን አጠፋ?» ብለው ቀቀሉት። ባንዳ ያቆሰለው፣ ባንዳ በሸለመው ታሰረ።

አሁን የስድብዎን ሥራ ይስሙ። ከሰርጉ በኋላ ግራዝማች ወርቁ መጠርጠር ጀምሮ ነበር። «ይህ ሆዳም ይህን ሁሉ ወስዶ እንዴት ዘንግ አከለ? የት ነው የሚያስገባው?» ብሎ ከደጄ ሰው አስቀመጠብኝ። ጫካ መሄድ ተከለከልሁ ማለት ነው። ልቤ ተጨንቆ ሳለ ዘፈንዎ ከተማ ገባ። ግራዝማች አስጠራኝ። «በሱዳን ያሉ ስደተኞች እንዲህ ብለው ዘፈኑብህ፤ እስቲ ራስህ ዝፈነው» አለኝ። የገዛ ስድቤን በገዛ ማሲንቆዬ መታሁት። እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ «እነሱ እንዲህ ከጠሉህ የእኛ ሰው ነህ» አለኝ። ዘበኛውን ከደጄ አነሣው። በዚያ ላይ የትም ሰርግ እንድዘዋወር የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ! አሁን በኬላው በኩል ሸክሜን ይዤ፣ ዘበኛው እያጨበጨበልኝ ነው የማልፈው።

ስለዚህ እትዬ፣ ከእንግዲህ አቡጀዲም ሳሙናም ይቆይ። ስድብ ይላኩልኝ። ከፊተኛው የከፋ ይሁን።

የቀረውን አሁን ልናገር። ስጽፍ የዘገየሁት ለዚህ ነው። እሸቴ በነሐሴ ቆስሎ ነበር። ግራ እግሩን ነው፤ አጥንቱ ተሰባብሮ መግል ያዘ። አባ ገብረየሱስ ነፍሱን ለማትረፍ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እኔ ራሱን ይዤ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ የእግሩን ልክ ሲጠይቁኝ ክሩን ይዤ ሄጄ ያልሁት እውነቴን ነው። እሸቴ አየኝና፣ «አጎቴ፣ በምርኩዝ ቆሜ እስካይ ድረስ ለእማዬ አትንገራት» ብሎ አስማለኝ። ለዚህ ነው ዝም ያልሁ። ያንቱን ጭንቀት እያወቅሁ ዝም ማለት ከብርዱም ከረሀቡም ይልቅ ከበደኝ።

ብዙ ወር ሳይስቅ ከረመ። ያንን ዘፈን ብዘፍንለት ግን «ይህማ የእማዬ ነው!» ብሎ ከተኛበት ቀና አለ፤ «ሱሪው እስኪጠበው» ላይ ስደርስ ሱሪዬን አይቶ ሳቀ። በሳምንቱ ተነሥቶ ቆመ። መሐላዬ ተፈታ።

ልኩን ይኸው ልኬያለሁ። አንድ ክር ነው። የቀኙ ነው።

ታናሽዎ ሙላቴ


ገዳሪፍ፣ መስከረም 25 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙላቴ፤ ደብረ ታቦር።

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። ክረምቱ ወንዙን ሁሉ ሞልቶ ሞላን አግዶብኝ ነው እንጂ መልሴ ይህን ያህል አይዘገይም ነበር።

መርሻ ደብዳቤህን ሲያነብልኝ፣ እስከ ሰርጉ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ ድምፁ ዝግ አለብኝ። ያችን ክር ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ዋልሁ። ስለ ልጄ እግር አለቀስሁ፤ ስለ አንተም አለቀስሁ። የልጄን ራስ ደግፎ የያዘውን ሰው ነው ሆዳም ብዬ ለአገር ያሰማሁት! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉታል፤ የእኔው ደግሞ አፋፉን አልፎ ደብረ ታቦር ገባ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። እሸቴንም ስለ እኔ ሆነህ ምታልኝ። ከእናት ለመደበቅ ማስማል! ከመታኸው በኋላ ግን ግንባሩን ሳምልኝ።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ክሩን ይዤ ዑስማን ዘንድ ሄድሁ። «አንድ እግር ብቻ ስፋልኝ» ብለው ተቆጣ። «ጫማ ጥንድ ነው፤ ለብቻው የሚሰፋ ጫማ እጄ አያውቅም» አለኝ። እሺ ብዬ የግራውን ልክ በእጄ ስንዝር አሳየሁት፤ ከልቤ አልጠፋም። ዋጋውን የልጁ ግርዛት ላይ ዘፍኜ ከፈልሁት። እነሆ ጥንዱን ልኬያለሁ። ቀኙን ለእሸቴ አድርግለት። ከቁስለኞቹ መካከል ደግሞ ቀኝ እግሩን ያጣ አንድ ሰው አይታጣምና ግራውን ለእሱ ስጠው። ሰፋ ያለ እግር ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ስድብ ላኪ ላልኸኝ፣ በንዴት መሳደብ ቀላል ኖሯል። ወድጄህ ስሰድብህ ቃሉ ሁሉ እየለሰለሰ አስቸገረኝ። ደብተራ መርሻ ነው የረዳኝ፤ ያ ታቦት አልጽፍም ያለው ሰውዬ «ጅራቱን ይቆላል» የምትለዋን አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሲሄድ ደረቱን ነፍቶ ነው። ይኸውልህ፦

ያጎቴን ልጅ ያየ ይንገረኝ በሞቴ፣
ጅራቱን ይቆላል ለባንዳ ሙላቴ።

ለሚመጣው ነጋዴ ሁሉ አስተምሬዋለሁ። ከዘፈንሁት በኋላ ጓዳ ገብቼ በእመቤታችን ስም ይቅርታ እለምንሃለሁ።

እህትህ ትርንጎ


ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 20 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ትርንጎ፤ ገዳሪፍ።

ይህን ሁሉ ዘመን አቆይቶ ወረቀት ለወረቀት ያገናኘን አምላክ፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። መጀመሪያ ሞላ ታሞ ከረመ፤ ሲድን ደግሞ መንገዱ በጦር ተዘጋ። አሁን ጠላት ከደብረ ታቦር ወጥቷልና ዝናቡ ረገብ ሲል ይህን ይዞ ይመጣል።

ጫማው የደረሰን በፊት ነበር። ቀኙን እሸቴ ሲያጠልቅ ልክ ሆነ። ግራውን የወሰደው ደምሴ የሚባል የእብናት ጎበዝ ነው፤ ቀኝ እግሩን ያጣ፣ የግራው ስፋት የበሬ ምላስ የሚያህል። ያንቱ ስንዝር እንዴት አወቀው እንጃ፣ ልክክ አለለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው በአንድ ጥንድ ጫማ ይሄዳሉ። ወደ ውሃ ሲወርዱ እንኳ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ «ፍጠን» ሲል ሌላው «ያንተ እግር ነው የዘገየ» ይላል።

አሁን የእኔን ጉድ ይስሙ። አርበኞቹ ከተማ በገቡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማሲንቆዬን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የታፈነች ደስታ ነበረችኝና ልዘፍናት። ገና ቅኝቱን ሳልጨርስ አንዱ «ጅራቱን ይቆላል» ብሎ ጀመረ። ገበያው ሁሉ ተቀበለው። ካንገቴ ይዘው ከአርበኞቹ አለቃ ፊት አቆሙኝ።

«ለባንዳ ስትዘፍን አልነበረም?» አሉኝ።

«ነበርሁ፣ ጌታዬ» አልሁ።

«ሸማ ስትለቅም አልነበረም?»

«ነበርሁ። ለቁስለኛ ነው ግን።»

«ምስክር አለህ?»

«የአጎቴ ልጅ ታውቃለች» አልሁ። «ማን ናት?» ሲሉኝ «ይህን ዘፈን ያወጣችው» ብላቸው ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ማሲንቆዬን ከእጄ ወሰዱት።

ከዚያ ከገበያው ጫፍ ጭቅጭቅ ተሰማ። «ፍጠን እንጂ!» «እግሩ ያንተ ነው የዘገየው!» ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። እሸቴና ደምሴ ተቃቅፈው፣ ጫማቸው እኩል እያረፈ ገቡ። እሸቴ ከወገቡ የታጠቃትን ጨርቅ ፈቶ ለአለቃው ሰጠ። ቁስሉ መጀመሪያ በባንዳው ሸማ ሲታሰር የታሰረባት ናት፤ አልጥላትም ብሎ አጥቦ ይዟት ኖሯል። ቀዩ ጥለት አልለቀቀም። አንድ ሸማኔ ከሕዝቡ መካከል፣ «ይህ የእጄ ሥራ ነው፤ ለግራዝማች ወርቁ ወንድም ለሰርጉ የሠራሁት ነው» አለ። እሸቴም «ይህን ያመጣልን ይህ ሰው ነው፤ የጫካው ቁስለኛ ሁሉ የበላው እሱ ሳይበላ ነው» አለ። ደምሴ ደግሞ «ሆዳም የምትሉትን ሱሪውን እዩለት» ሲል፣ ሁሉም ገመዴን አየ።

አለቃው ተነሥተው ሳሙኝ። ግን ጥበበኛ ሰው ናቸው። «እኛ ፈትተንሃል፤ ዘፈኑ ግን አልፈታህም። በልጅ አፍ የገባ ዘፈን በአዋጅ አይወጣም። ያሰረችህ ራሷ መጥታ በዚሁ ገበያ ትፍታህ። እስከዚያ ማሲንቆህ እኔ ቤት ይሰቀል፤ አሁን ብትዘፍን በድንጋይ ነው የሚሸልሙህ» አሉ። ልክ ናቸው። ልጆቹ ዛሬም በደጄ ሲያልፉ ጅራት የሚቆላ ውሻ ይሆኑብኛል።

እትዬ፣ ረሀቡን ቻልሁት፣ ስሙንም ቻልሁት። እጄ ባዶውን መዋሉን ግን አልቻልሁም። ማሲንቆ የሌለው አዝማሪ ምን ይባላል? ይምጡና ይፍቱኝ።

ታናሽዎ ሙላቴ


መተማ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1934 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙላቴ፤ ደብረ ታቦር።

የአገሬን አፈር ያስረገጠኝ አምላክ ይመስገን። ከድንበሩ ወዲህ ነኝ። ሞላ ከእኔ ስለሚፈጥን ይችን ወረቀት አስቀድሜያለሁ። ደብተራ መርሻ አብሮኝ አለ። ያችን «ጅራቱን ይቆላል» ያላትን እሱም ሊፈታ መጥቷል፤ «ኃጢአቱ የጋራችን ነው» ይላል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግሥት ጠጅ ቤቱን ዘጋሁ። ከዚያ ዑስማን ዘንድ ሄጄ፣ «ሌላ ጥንድ ስፋልኝ፤ የፊተኛው ሳያልቅ አይቀርም» አልሁት። «ልጅሽ አንድ እግር ነው ያለው አላልሽም?» አለኝ። «አሁን ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ሁለት እግር አላቸው» አልሁት። ትንሽ አሰበና ቆዳውን አነሣ። በዚህኛው ዋጋም ዘፈንም አልተቀበለኝም።

ገበያ መሐል ቆሜ የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ከአለቃው ቤት ማሲንቆህን አስወርደህ ቃኝተህ ጠብቀኝ። ልጆቹን ሁሉ ሰብስብልኝ፤ የፊተኛውን የዘፈኑት ሁሉ ይህንንም ሳይዘፍኑ አይሄዱም። እኔ «ተቀበል!» ስል የምትቀበለኝ አንተ አይደለህም፤ እሸቴና ደምሴ ናቸው። አስጠናቸው፦

ስሙን ያጠፋሁት ሙላቴን በሆዱ፣
ለቁስል ነበረ ሸማው መቀደዱ።

የራበው አዝማሪ ጠገበ ተባለ፣
ሁለት ልጆቼን ግን አቁሞ አዋለ።

እሸቴን ንገርልኝ፤ ሲያየኝ ለመሮጥ እንዳይሞክር። እኔው እሮጣለሁ፤ ለዚያች ለአንዲት ቀን ጉልበቴን አጠራቅሜያታለሁ።

ደግሞ ከገዳሪፍ ስነሣ ስደተኞቹ አንድ ገንቦ ማር ለቁስለኞች ብለው ሰጥተውኛል፤ ለእነሱ ይደርሳል። ከእሱ ሌላ አንድ ገንቦ የራሴን ይዣለሁ፤ ያ የአንተ ነው። ለአባ ገብረየሱስም፣ ለጎረቤትም፣ ለማንም እንዳታካፍል። ከፊቴ ቁጭ ብለህ፣ ሱሪህ እስኪጠብህ ድረስ ትበላዋለህ። ሆዳም ብዬ ለአገር አውርቻለሁና ውሸታም አታድርገኝ።

እህትህ ትርንጎ